ሕጉ ይላላ ወይስ ይጽና?
ስለ ሲጋራ ጭስና ጠጥቶ ስለ ማሽከርከር ለሰበካ ጉባኤያት የተዘጋጀ ትምህርት

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከአዲስ አበባ በሚወጡ አውራ ጎዳናዎች ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። የጅማው መንገድ በሰበታ፣ የአምቦው በቡራዩ፣ የጎጃሙ በሱሉልታ ያልፋል። በንግሥ ቀን ወደ አጥቢያችን ከሚመጣው ምእመን ከፊሉ በእግሩ፣ ከፊሉ በሚኒባስና በባጃጅ ይመጣል። ታቦቱ ገብቶ ጠበል ጸዲቁ ሲቀርብና ጠላው ሲዞር ሾፌሩም ከማኅበርተኛው ጋር ይቀመጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያው ሰው መሪ ይጨብጣል፤ ከኋላውም እናቶችና ሕፃናት ይሳፈራሉ። ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው ያችን ሰዓት እያሰብን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ዝግ ቦታዎች፣ በሥራ ቦታዎችና በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን ፈጽሞ ይከለክላል። ክልከላው ከእነዚህ ቦታዎች በርና መስኮት እስከ 10 ሜትር ርቀት ይደርሳል። ሲጋራም ሆነ የአልኮል መጠጥ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አይሸጥም። አልኮልን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅም ቀርቷል። አገራችን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነትን ያጸደቀችው በ2006 ዓ.ም. ስለሆነ አዋጁ የገባነውን ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን የሚፈጽም ጭምር ነው።

ማሽከርከርን በተመለከተ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ80 ሚሊ ግራም በላይ አልኮል ይዞ መንዳትን ከልክሎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መጠን ግን 50 ሚሊ ግራም፣ ለወጣትና ለጀማሪ አሽከርካሪዎች ደግሞ 20 ነው። እንግዲህ «ሕጉ ጠበቀ» ይባልለት የነበረው ያ ደንብ ከዚህ ምክር አንጻር ሲታይ ልል ነበር።

«ይላላ» የሚሉ ወገኖች ምን ይላሉ?

ክርክራቸውን ሳናቃልል እንስማ። አንደኛው የእንጀራ ጉዳይ ነው። በሰበታ የቢራና የአልኮል ፋብሪካዎች አሉ፤ በእነርሱ ደመወዝ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ዐሥራት የሚያወጡ ምእመናን በየአጥቢያችን አሉ። ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ ቤቷን የምታስተዳድር እናትም አለች። ሁለተኛው የነጻነት ጉዳይ ነው፤ አዋቂ ሰው በገዛ ሰውነቱ ላይ ራሱ ይወስን ይላሉ። ሦስተኛው ሕጉ የሚያዘው ድኻውን ሾፌር ነው፣ መንገድ ላይም ለጉቦ በር ከፍቷል የሚል ነው። አራተኛው ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ሰው ሲመሽ ሌላ መጓጓዣ የለውም የሚል ነው።

ይህ የመጨረሻው ክርክር በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም። በአየርላንድ የኬሪ አውራጃ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2013 በገጠር ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች ጥቂት ጠጥተው በቀስታ እንዲነዱ ልዩ ፈቃድ ይሰጣቸው የሚል ሐሳብ በድምፅ አሳልፎ ነበር። ምክንያቱ የአረጋውያን ብቸኝነት ነበር። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ የቀረበው መፍትሔ ግን ብቸኛውን ሰው ወደ ሞት የሚወስድ ስለሆነ የአገሪቱ መንግሥት አልተቀበለውም። ብቸኛ ሰው የሚያስፈልገው ቤቱ የሚያደርሰው ወዳጅ ነው።

ክርክሩን ስንመዝነው

የነጻነት ክርክር ጉዳቱ በጠጪው ወይም በአጫሹ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ክብደት በኖረው ነበር። ነገር ግን ጭሱ በምግብ ቤቱ ቀኑን ሙሉ የምታስተናግደውን ልጃገረድ ደረት ይገባል፤ እርሷ የመጣችው እንጀራ ፍለጋ ነው። ሰክሮ የሚነዳውም ሰው የሚያገኘው በመንገዱ ዳር ደብተሩን ይዞ የሚሄደውን ተማሪ ነው። የጎረቤታችንን ሕይወት የሚነካ ነጻነት ልክ ሊበጅለት ይገባል።

ስለ ጠላ አንድ ነገር ልብ እንበል። የፋብሪካ መጠጥ መጠኑ በጠርሙሱ ላይ ይጻፋል፤ የቤት ጠላና ጠጅ ግን ከጋን ጋን ይለያያል። ስለዚህ «አንድ ዋንጫ ብቻ ነው የጠጣሁ» የሚል ሾፌር ምን ያህል አልኮል እንደ ወሰደ ራሱም አያውቅም። ሰውነታችን በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለውን አልኮል የሚቀንሰው በአማካይ በሰዓት 15 ሚሊ ግራም ያህል ነው። በ80 የተነሣ ሰው ፈጽሞ ለመንጻት ከአምስት ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ይህን አያፋጥንም። ሌሊቱን በሠርግ ቤት ሲጠጣ ያደረ ሾፌር ጠዋት በሥራው ላይ ገና ሰካራም ሊሆን ይችላል።

ስለ ጉቦና ስለ አድልዎ የሚነሣው ቅሬታ እውነትነት አለው። መድኃኒቱ ግን የትንፋሽ መመርመሪያ እንዲበዛ፣ ቅጣቱ በደረሰኝ እንዲሆን፣ ባለ ቤት መኪናውም ባለ ባጃጁም እኩል እንዲመረመሩ መጠየቅ ነው። ወንፊት ቀዳዳው ሰፋ ቢባል ይቀየራል እንጂ ዱቄቱ ሳይነፋ አይጋገርም።

አንድ ጊዜ የተከፈተ በር ለመዝጋት እንደሚያስቸግርም ኔዘርላንድስ ታስተምረናለች። እ.ኤ.አ. በ2008 በመጠጥ ቤቶች ማጨስን ከለከለች፤ በ2011 ለትናንሽ ቤቶች አላላች። በ2014 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህ ልዩ ፈቃድ እኛም ከፈረምነው የትምባሆ ስምምነት ጋር እንደሚጋጭ ወስኖ ክልከላው ተመለሰ።

ከታሪካችን

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በጽኑ ከልክለው፣ የሚያጨሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስበው አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸው በታሪክ ተጽፏል። ዛሬ ያን የመሰለ ቅጣት የሚመኝ የለም፤ አካል የሚያጎድል ሕግ የሰውን ልብ አይመልስም። ከዚያ የምንማረው ሕግ ጽኑ ሲሆን ሰብአዊም መሆን እንዳለበት ነው። የኦሪቱ ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞት በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል (ዘዳ. 22፥8)። የጣሪያው መከታ ባለ ቤቱን ለመቅጣት የተሠራ አይደለም፤ እንግዳውን ለማዳን ነው። ይህንንም ሕግ እንዲሁ እናየዋለን።

ከራሳችን ቅጥር እንጀምር

ስለዚህ ሕጉ ይላላ ከሚሉት ጋር አንስማማም። ይህን የምንል ግን በቅድሚያ ራሳችንን መመርመር አለብን። ብዙ አጥቢያዎች ለልማት ገቢ የሚያከራዩአቸው ሱቆች አሏቸው። ከእነዚህ በአንዱ ግሮሰሪ ተከፍቶ ሲጋራና መጠጥ ለልጆች የሚሸጥ ከሆነ ዐውደ ምሕረት ላይ የምንሰጠው ትምህርት ከደጃፋችን አያልፍም። ውሉን ብናስተካክል ኪራዩ ሊቀንስ ይችላል፤ የካህናት ደመወዝና የሕንፃ ሥራው ሊነካ ይችላል። ይህን ሸክም ሰበካ ጉባኤው አስቀድሞ ተመካክሮ፣ ለምእመናኑም ገልጾ ሊሸከመው ይገባል።

ከዚህ ሌላ አራት ነገሮችን እናሳስባለን፦

1. በንግሥና በሰንበቴ ግብዣ ላይ ያልፈላ ብርዝና ንጹሕ ውኃ ከጠላው እኩል በክብር ይቅረብ፤ «አልጠጣም» ያለ ሾፌር «ጠጣልኝ» ተብሎ አይለመን።
2. በየማኅበሩ በዕለቱ የማይጠጣና ሰው የሚያደርስ አንድ ሰው በተራ ይመደብ።
3. የአጥቢያው አዳራሾችና ቢሮዎች እስከ 10 ሜትር ድረስ ከጭስ ነጻ መሆናቸው በበሩ ላይ ይለጠፍ።
4. የንስሐ አባቶች በሱስ የተያዘውን ሳያሳፍሩ ያድምጡ፤ ወደ ጤና ተቋምም ይምሩት። ጸሎትና ሕክምና አይቃረኑም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ከንግሥ በኋላ የሚነዱት እነማን ናቸው? ምንስ ጠጥተው ይሄዳሉ?
2. የኪራይ ውሎቻችን ስለ ሲጋራና ስለ መጠጥ ሽያጭ ምን ይላሉ?
3. በጠላና በአረቄ የሚተዳደሩ እናቶች ሌላ መተዳደሪያ እንዲያገኙ የልማት ክፍላችን ምን ሊሠራ ይችላል?
4. ሐዋርያው ወንድምን ከሚያሰናክል መብልና መጠጥ ስለ መታቀብ ያስተማረው (ሮሜ 14፥21) ለግብዣ ሥርዓታችን ምን ይነግረናል?

ውይይቱን በቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ለሚቀጥለው ንግሥ ከመድረሳችሁ በፊት ቢያንስ አንዱን ውሳኔ በሥራ እንድታውሉ እናሳስባለን። የሸኘነው እንግዳ በሰላም ቤቱ ሲገባ በዓሉ ያን ጊዜ ተፈጸመ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።