ጣዕሙ ቢጠፋም ኒዕማው አልጠፋም



ባለፈው ረመዳን አንድ ምሽት፣ መግሪብ አዛን እንዳለ ቢስሚላህ ብዬ አንዲት ተምር ጎረስኩ። ጣፋጭ መሆኗን ምላሴ ነገረኝ፤ ተምር መሆኗን ግን የማውቀው ስላየኋት ብቻ ነበር። ሳምቡሳው ጨው የነካው ካርቶን፣ ሾርባው ትኩስ ውሃ ሆነብኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ኃይለኛ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ትኩሳቱ ሲለቀኝ የማሽተት ስሜቴን ይዞት ሄደ። አጠገቤ የተቀመጠው ወንድም «ማሻአላህ፣ የዛሬው ሳምቡሳ ይለያል!» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ተነሳሁ፤ ልቤ ግን «ያላጣጣምከውን ነው የምታመሰግነው?» ይለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ከጀመዓው ኢፍጣር ቀርቼ ዶርም ውስጥ ብቻዬን ዳቦ በላሁ። ይህን ትምህርት ያዘጋጀሁት እንደኔ ለሆነ ሰውና አጠገቡ ለሚቀመጠው ወንድሙ ነው።

በመጀመሪያ፣ ምን ይሆናል?

ምላስ የሚለየው ጥቂት ነገር ነው፦ ጣፋጭ፣ ጨዋማ፣ ኮምጣጣ፣ መራራና እንደ ሥጋ መረቅ ያለውን ጣዕም። የቀረው ስናኝክ ከአፋችን በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫችን የሚወጣው መዓዛ ነው። አፍንጫችሁን በጣታችሁ ይዛችሁ የቀረፋ ሻይ ቅመሱ፤ ስኳሩን እንጂ ቀረፋውን አታገኙትም። ጣታችሁን ስታነሱ ቀረፋው ይመጣል።

በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ይህ ችግር በብዙ ሰው ላይ ደርሷል። ተራ ጉንፋን፣ የሳይነስ ሕመምና የጭንቅላት ጉዳትም ያመጡታል። ሽታ ተቀባይ ሕዋሳት ግን አላህ ራሳቸውን እንዲተኩ አድርጎ የፈጠራቸው ናቸው። ስለዚህ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሚመለስላቸው ብዙዎች ናቸው።

«ቀላል ነገር ነው» አትበሉ

ዓይኑን ላጣ ሰው እናዝናለን፤ ማሽተት ላቃተው ግን እንስቃለን። የፊቅህ ሊቃውንት እንዲህ አላዩትም። አንድ ሰው ሌላውን ጎድቶ የማሽተት ስሜቱን ቢያጠፋበት ሙሉ ዲያ እንደሚከፍል የሐንበሊው ሊቅ ኢብኑ ቁዳማ «አል-ሙግኒ» በተሰኘው ኪታባቸው ጽፈዋል። ሙሉ ዲያ የአንድ ነፍስ ካሳ ነው። ሸሪዓ ይህን ያህል ዋጋ የሰጠውን ኒዕማ ያጣ ሰው ማዘኑ የኢማን ድክመት አይደለም። ሙእሚን እሾህ እንኳ ቢወጋው ወንጀሉ እንደሚታበስለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል፤ ይህም ከዚያ አያንስም።

ማዕዱን እንዴት እንመልሰው?

1. በቀሩት ስሜቶች ብሉ። ሚጥሚጣ የሚያቃጥለን፣ ዝንጅብል የሚሞቀን፣ ናና የሚቀዘቅዘን በማሽተት አይደለም፤ ፊታችን ላይ ያለ ሌላ ነርቭ ነው የሚያደርሰው። ለሽሮው ቃሪያ፣ ለሾርባው ሎሚ ጨምሩ። ለስላሳውን ከሚንኮሻኮሸው፣ ትኩሱን ከቀዝቃዛው አጣምሩ፤ ከሽሮ በኋላ ቀዝቃዛ እርጎ፣ ከሻይ ጋር ቆሎ።

2. ጨውና ስኳር አታብዙ። እጅ ወደዚያ መሄዱ አይቀርም፤ ጉዳቱ ግን ለጤና ነው።

3. በሰዓት ብሉ። መዓዛ ካልጠራችሁ ረሃብም ላይጠራችሁ ይችላል። በተለይ ሱሑርን አትዝለሉ።

4. ምግቡ ከሸተታችሁ ሳታነውሩ ተዉት። አንዳንዱ ሰው ማገገም ሲጀምር ቡና፣ ሽንኩርት፣ እንቁላልና ጥብስ መጥፎ ይሸቱታል። ቀዝቀዝ ያለ ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ ወይም እርጎ ይሻለዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የበረሃ እንሽላሊት ሥጋ በቀረበላቸው ጊዜ ስላልለመዱት እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ግን እርሳቸው እያዩት በላ። ምግቡን አላነወሩም፤ የበላውንም አልከለከሉም። እኔ ግን ሳምቡሳውን ብተወው ይበቃኝ የነበረውን ጀመዓውን ጭምር ተውኩ።

5. አፍንጫ ተዋሱ። የተበላሸ ምግብ፣ ጭስና የሚያፈስ ጋዝ አይሸታችሁምና የቀረ ምግብ ከመብላታችሁ በፊት ጓደኛ ያሽትላችሁ። ጥሬ ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት በልቶ መስጂድ መግባትም በሐዲስ የተከለከለ ነው፤ የራሳችሁን አፍ ጠረን ስለማታውቁ ጠይቁ።

አፍንጫን ማለማመድ

በጀርመን ድሬስደን ቶማስ ሁመል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ሕሙማን የጽጌረዳ፣ የሎሚ፣ የባሕር ዛፍና የቅርንፉድ ሽታ በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንታት እንዲያሸቱ አደረጉ፤ ከተለማመዱት መካከል የተሻላቸው ተገኙ። ቅርንፉድና ሎሚ ከገበያ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከደጃችን አይጠፋም። ከሱብሒና ከዒሻ በኋላ እያንዳንዱን ለጥቂት ሰከንድ፣ የቀድሞ ሽታውን እያስታወሳችሁ አሽትቱ። ዘይት ከሆነ አፍንጫ ውስጥ አታንጠባጥቡ። ችግሩ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ከመጣ ወይም በጥቂት ሳምንታት ካልተሻለ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አላህ በሽታን ያለ መድኃኒት አላወረደምና ሕክምና መፈለግ ከተወኩል ጋር አይጋጭም።

አጠገቡ ለምትቀመጡ

ከኢፍጣር በቀረሁ በአራተኛው ቀን ያ ወንድም ሰሃን ይዞ ዶርም መጣ። ነገርኩት። አልሳቀም፤ «ነገ ትመጣለህ፤ አንተ ብላ፣ እኔ እነግርሃለሁ» አለኝ። በማግስቱ ሾርባው ላይ ሎሚ ጨምቆ «ዛሬ ድንብላሉ በዝቷል» እያለ ይተርክልኝ ጀመር። ድንብላሉ አልመጣልኝም፤ ሎሚው ግን ምላሴን ነካው፣ ሙቀቱም ደረቴ ላይ ደረሰ። ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሃኔን ጨረስኩ።

ያኔ የልቤ ጥያቄ መልስ አገኘ። አልሐምዱሊላህ የምንለው ለመዓዛው ብቻ አይደለም። ለሚያኝክ ጥርስ፣ ለሚውጥ ጉሮሮ፣ ለሚጠግብ ሆድ፣ ለሚያካፍል ወንድምም ነው። አሁን ቅርንፉዱ ከሩቅ ይሸተኛል፤ ቡናው ገና ነው። ሹክሬ ግን ቡናውን አይጠብቅም።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ ያለንን ኒዕማ ሳናጣው የምናውቅ ያድርገን። አሚን።

ለሐለቃ መወያያ፦ ከጀመዓችን ማዕድ በዝምታ የቀረ ሰው አለ? ለምን እንደቀረ ጠይቀነዋል?