በቆየ ሣርና በመሬት ሸፋኝ ተክል ውስጥ ያለን አረም በመድኃኒት ስለ መቆጣጠር

ለለቡና ለአካባቢዋ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በለቡና በአካባቢዋ ሣር ለሁለት ጉዳይ ይፈለጋል። አንደኛው ለከብት መኖ ነው። ከተማው ቢሰፋም የወተት ላም የሚያረቡ ቤተሰቦችና ማኅበራት ዛሬም ስላሉ፣ በየክፍት ቦታው የቀረው የሣር መሬት እየታጨደ በእርጥቡም በድርቆሽም ይሸጣል። ሁለተኛው መሬትን ለማልበስ ነው። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ፣ በመንገድ ዳርና በወንዝ አፋፍ ላይ የሚተከለው ሣርና መሬት ሸፋኝ ተክል ዋልካው አፈር በክረምት እንዳይታጠብ፣ በበጋም አቧራ እንዳይሆን ይጠብቃል።

በሁለቱም ዓይነት መሬት ላይ አረም ሲበዛ ማኅበራት በቅድሚያ የሚጠይቁን «የትኛውን መድኃኒት እንግዛ?» ብለው ነው። እኛ ግን ጥያቄው ከዚህ እንዲጀምር አንፈልግም። አረም አጥፊ መድኃኒት አረምን ከሰብል ለይቶ አያውቅም። የሚያውቀው የቅጠልን ዓይነት ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት በመሬቱ ላይ ምን ምን እንደ ቆመ ነው።

ለማስረዳት ያህል አንድ የገጠመንን እንጥቀስ። አንድ ማኅበር በድርቆሽ መሬቱ ላይ ቱልት ስለ በዛበት በነሐሴ ወር መሬቱን በሙሉ ቱ ፎር ዲ ረጨው። የመድኃኒቱን መጠን የለካው በጠርሙሱ ክዳን ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቱልቱ ተጠማዝዞ ስለ ወደቀ ሥራው እንደ ተሳካ ተቆጠረ። በጥቅምት ሣሩ ሲታጨድ ግን በድርቆሹ ውስጥ ማገጥ ከቶ አልነበረም። ላሞቹ ድርቆሹን ቢበሉም ወተታቸው እንደ ወትሮው አልሆነም። በሚቀጥለው ክረምት ቱልቱ ከሥሩ ዳግመኛ አቆጠቆጠ፤ ማገጡ ግን በቦታው ሳስቶ ታየ። ገንዘብ የወጣበት መድኃኒት የመኖውን የተሻለ ክፍል አጥፍቶ አረሙን ለአንድ ወቅት ብቻ አስተኝቶት ነበር ማለት ነው።

ማገጥ የአገራችን የደጋ ሣር መሬት ሀብት ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በማገጥ ዓይነቶች ብዛት በአፍሪካ የታወቀ ሲሆን፣ ከእነዚህም በሌላ አገር የማይገኙ አሉ። እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ ሁሉ በሥሩ ላይ ባሉት እባጮች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለራሱም ለአፈሩም ያደርጋል። በፕሮቲንም ከሣሩ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውና ኢልካ በሚል አጠራር ይታወቅ የነበረው፣ ዛሬ ኢልሪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም በ1980ዎቹ እነዚህን የማገጥ ዓይነቶች በሰፊው አጥንቷል። በዋልካ አፈር ላይ ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ ማገጥን እንደሚያጠነክር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። በአንጻሩ ዩሪያ ብቻ ሲጨመር ሣሩ ይገንና ማገጡን ይውጠዋል።

ቱ ፎር ዲ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ በገበያ ላይ የዋለ መድኃኒት ነው። በአገራችንም ለስንዴና ለጤፍ አረም የታወቀ ነው። የሚሠራው የተክልን የዕድገት ሆርሞን በመምሰል ነው። በቅጠሉ በኩል ይገባና ከተክሉ ምግብ ጋር ወደ ሥርና ወደ እንቡጥ ይጓዛል፤ ዕድገቱም ሥርዓት ያጣና ግንዱ ይጠማዘዛል፤ ቀስ በቀስም ይሞታል። ሰርዶ፣ ጋጃና ኪኩዩ ሣር ይህን መድኃኒት ይቋቋማሉ። ቱልት፣ መጭ፣ አደይ አበባ፣ የዱር ጎመን ግን ቅጠለ ሰፊ በመሆናቸው ይጎዳሉ። ማገጥም ቅጠለ ሰፊ ነው። መድኃኒቱ ማገጥን ከመጭ የሚለይበት ምክንያት የለውም። እንግጫና የመሳሰሉት ደግሞ ሣር ቢመስሉም ሣር አይደሉም፤ በዚህ መድኃኒት እምብዛም አይነኩም። እንግጫ የበዛበት ሜዳ ውኃ የተኛበት ሜዳ ነውና መድኃኒት ከመግዛት ይልቅ ቦይ መቅደድ ይሻላል።

ስለዚህ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ከማኅበሩ አባላት ጋር ሆኖ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ሜዳውን በእግር እንዲያቋርጥ እንመክራለን። በየ10 እርምጃው ቆሞ ከጫማው ጫፍ ሥር ያለውን ተክል ስም ይመዝግብ። በዚህ ዓይነት 50 ጊዜ ከቆመ በኋላ ቢደምር፣ ሜዳው የማገጥ ሜዳ መሆኑን ወይም አለመሆኑን በወረቀት ላይ ያገኘዋል። ማገጥ በብዛት የሚገኝበት ሜዳ በሙሉ ሊረጭ አይገባም። በሌላ አገር ማገጥ መሰል ተክሎችን ብዙ ሳይጎዱ አረም የሚያጠፉ ቱ ፎር ዲቢን የመሰሉ መድኃኒቶች ይሠራባቸዋል። ሆኖም በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት በአገር ውስጥ ያልተመዘገበ መድኃኒት ሊሸጥም ሊረጭም አይችልምና፣ ስሙን ሰምቶ ከጎን ገበያ መፈለግ አይገባም።

በዚህ ቆጠራ ጊዜ ጎርጠብን እንደ አረም የሚመዘግቡ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ጎርጠብን ላምም በግም ይበሉታል፤ ሳይበዛ እስከ ቆመ ድረስ ሊነካ አይገባውም። በአንጻሩ ፓርቲኒየም አንድ እንኳ ቢገኝ ዝም ሊባል አይገባም። ይህ አረም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ታይቶ ከዚያ በየመንገዱ ዳር የተዛመተ ነው። ከብት ሲበላው ወተቱን ያመርራል፤ የሰውንም ቆዳ ያሳክካል። አበባ ከማውጣቱ በፊት ጓንት አጥልቆ ከነሥሩ መንቀል ነው።

ቱልትን በተመለከተ ትንሽ እንቆይ፤ በለቡ ሜዳዎች ላይ በብዛት የሚያስቸግረው እሱ ነውና። ቱልት የሚበዛው ከብት በሚያድርበት፣ እበት በሚከማችበትና ሣሩ እስከ ሥሩ በሚጋጥበት ቦታ ነው። ወፍራም ሥሩ በመሬት ውስጥ ስንቅ ይዞ ስለሚከርም ላዩ ቢቃጠልም መልሶ ያቆጠቁጣል። አንድ ጊዜ ረጭቶ መተው ዋጋ የለውም የምንለው ስለዚህ ነው። ቁጥሩ ጥቂት ከሆነ መቆፈር ከሁሉም ይረክሳል። ዋልካ በበጋ እንደ ድንጋይ፣ በነሐሴ እንደ ሊጥ ስለሆነ የመቆፈሪያው ጊዜ ከመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ በኋላ ወይም በመስከረም መጨረሻ ነው። የሥሩ አንገት በመሬት ውስጥ ከቀረ ድካሙ ከንቱ ነው፤ አንገቱ አብሮ መውጣት አለበት።

ቱልቱ ለመቆፈር ከበዛ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቅጠሉ በመሬት ላይ እንደ ተዘረጋና አገዳ ከማውጣቱ በፊት በየነጠላው ቱ ፎር ዲ መርጨት ነው። ቅጠሉ ይርጠብ እንጂ መድኃኒቱ ወደ መሬት አይንጠባጠብ። ሁለተኛው እኛ ለማገጥ ሜዳ የምንመርጠው ነው። ላሞች ሣሩንና ማገጡን ሲግጡ ቱልቱን ትተውት ስለሚያልፉ ከሌላው ከፍ ብሎ ይቀራል። ያን ጊዜ በዘንግ ጫፍ ላይ ወፍራም ጨርቅ ወይም ስፖንጅ አስሮ፣ አንድ እጅ ግላይፎሴት በሁለት እጅ ውኃ በተበጠበጠው ነክሮና ጨምቆ፣ የቱልቱን ቅጠል ብቻ መቀባት ነው። ግላይፎሴት ሣርንም ማገጥንም ሁሉንም የሚገድል መድኃኒት ነው። ጠብታ የወደቀበት ቦታ ሁሉ ቢጫ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ነገር ግን ማገጡ ይተርፋል። ላሞቹም ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳው የሚመለሱት በመለያው ላይ የተጻፈው ጊዜ ሲያልፍ ነው።

ማገጥ የሌለበትን የቆየ ሣር፣ ለምሳሌ በጋራ መኖሪያ ቤት ግቢ የተተከለውን ኪኩዩ፣ በሙሉ መርጨት ይቻላል። በዚህ ዓመት የተተከለ ሣር ግን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሳይታጨድ መድኃኒት አይንካው። በድርቅ የጠወለገ ሣርም አይረጭም። ከመርጨቱ በፊትና በኋላ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ሣሩን ማጨድ አይገባም፤ መድኃኒቱ የሚገባው በአረሙ ቅጠል ነውና።

መጠኑን በተመለከተ፣ በአገራችን የተለመደው 720 ግራም በሊትር የያዘው ቱ ፎር ዲ አሚን ለአንድ ሔክታር 1 ሊትር ነው። የመለያው ጽሑፍ የተለየ መጠን የሚያዝ ከሆነ መለያው ይበልጣል። ችግሩ ግን ከሊትሩ ይልቅ ከእርምጃው ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ፍጥነት ስለሚራመድ በክዳን መለካት ማንንም አይጠቅምም። ከዚህ ይልቅ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ይከለል። ረጪው በመርጫው ውስጥ ንጹሕ ውኃ ብቻ ለክቶ ይጨምርና እንደ ወትሮው እየተራመደ ቦታውን ይርጭ። የቀረው ውኃ ሲለካ የወጣው 2 ሊትር ቢሆን፣ ይህ ሰው በዚህ መርጫ ለአንድ ሔክታር 200 ሊትር ውኃ ያወጣል ማለት ነው። ባለ 16 ሊትር መርጫው 800 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለ800 ካሬ ሜትር የሚያስፈልገው መድኃኒት 80 ሚሊ ሊትር ነው። ለአንድ ጥማድ፣ ይኸውም ለሩብ ሔክታር፣ 250 ሚሊ ሊትር በ50 ሊትር ውኃ ይሆናል። ሌላ ሰው መርጫውን ከተሸከመ ወይም የመርጫው አፍ ከተለወጠ ልኬቱ እንደገና ይደረግ። ለየነጠላው ርጭትም ይኸው ብጥብጥ፣ ማለትም በአንድ ሊትር ውኃ 5 ሚሊ ሊትር፣ ይበቃል። መጠኑን እጥፍ ማድረግ ቅጠሉን ቶሎ ስለሚያቃጥለው መድኃኒቱ ወደ ሥር ሳይወርድ ይቀራል።

የመርጫ ሰዓት ጤዛው ካለቀ በኋላ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ መድኃኒቱ ለመግባት ጊዜ ያገኛል። ነፋሱን ከጎረቤት ምድጃ ጢስ ማወቅ ይቻላል። ጢሱ ከተጋደመ ነፋሱ በርትቷል፤ መርጨት ይቅር። ጢሱ ወደ ላይ ሳይወጣ እንደ ጉም በመሬት ላይ ተኝቶ የሚጓዝ ከሆነም፣ ነፋስ የለም ተብሎ አይረጭ፤ የመድኃኒቱ ደቃቅ ጠብታ እንደዚያ ጢስ ሩቅ ሄዶ ያርፋልና። ይህ ለለቡ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአካባቢው በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን የሚያለሙ አሉ፤ ሁሉም ቅጠለ ሰፊ ናቸው። ቲማቲም ደግሞ በጣም ጥቂት በሆነ ቱ ፎር ዲ እንኳ ቅጠሉ ይጨማደዳል። በጓሮ አትክልት አጠገብ በሙቀት የሚተነውን ኤስተር የተባለውን ዓይነት መጠቀም አይገባም፤ አሚን ይሁን። መርጫው ሰፋ ያለ ጠብታ እንዲያወጣ ግፊቱ ይቀነስ፤ ከአትክልቱ ወገን ያለው ዳር ሳይረጭ ይተው። ከወንዙ አፋፍ ያለው ሣርም እንዲሁ። ወንዙ ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርድ በመንገዱ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል።

መሬት ሸፋኝ ተክልን በተመለከተ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚፈለገው ቅጠለ ሰፊው፣ አረሙ ሰርዶና ኪኩዩ ነው። ቱ ፎር ዲ ቢረጭ ሸፋኙ ሞቶ ሰርዶው ይነግሣል። ለዚህ የሚሆነው ሣር ብቻ የሚገድለው እንደ ፍሉአዚፎፕ ያለው መድኃኒት ነው፤ ሰርዶው ገና አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ ይረጫል፤ ሲያቆጠቁጥም ይደገማል። ሸፋኙ ይቋቋመው እንደሆነ አስቀድሞ በጥቂት ካሬ ሜትር ላይ ሞክሮ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። እንግጫን ግን ይህም አይነካውም። አዲስ ለሚተከል ቦታ ሰርዶውን ከመትከል በፊት ማጥፋት ከኋላ ከመሟገት ይሻላል።

ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ የመኖ ሜዳም ሆነ የግቢ ሣር እንዳይረጭ አጥብቀን እናሳስባለን። ለእንቁጣጣሽ ልጆች አደይ አበባ ከሜዳው ይቀጥፋሉ፤ ሣሩም ለጉዝጓዝ ታጭዶ በየቤቱ ወለል ላይ ይነጠፋል፤ ሕፃናት ይድሁበታል። ንቦችም በመስከረምና በጥቅምት ከመጭና ከአደይ ብዙ ማር ስለሚሠሩ፣ አበባ ላይ ያለ ሜዳ አይረጭም። በተረጨ ሜዳ ላይ በመለያው የተጻፈው ጊዜ ሳያልፍ ላም አይሰማራ፤ ሣሩም አይሸጥ። በቱ ፎር ዲ የተረጨውን እኛ ሦስት ሳምንት ብንጠብቅ እንመርጣለን። መድኃኒት የነካቸው ተክሎች ሲጠወልጉ ለከብት የሚጥሙ ይሆናሉ፤ በሜዳው ውስጥ አስተናግር ካለ ላም በሌላ ጊዜ የማትነካውን ልትበላው ትችላለችና አስቀድሞ ይነቀል። በተረጨው ቦታ ዳር በአማርኛ የተጻፈ ሰሌዳ ይተከል፤ ለአካባቢው ድርቆሽ ነጋዴዎችም ይነገር።

ረጪው ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ረጅም እጅጌ ልብስና የዓይን መከለያ ያድርግ፤ የተደፈነውን የመርጫ አፍ በአፉ አይንፋ። ባዶው ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ተጨምሮ፣ ጠርሙሱ ይበሳ። ለቆራሌው አይሸጥ፤ ዘይት ወይም ጋዝ አይያዝበት። ቱ ፎር ዲ የገባበት መርጫ በቀላሉ አይጸዳም። በዚያው መርጫ ለቲማቲም የተባይ መድኃኒት የረጩ ማኅበራት አትክልታቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ማኅበሩ ለአረም መድኃኒት ብቻ የሚሆን አንድ መርጫ ለይቶ በቀይ ቀለም ምልክት ያድርግበት፤ በተለየ ቦታም ቆልፎ ያስቀምጠው።