የነቀዘ ዘር

ባቄላውን ሰንጥቁት

አጅባር ላይ ለዘር የተቀመጠ ባቄላ ከጎተራ ሲወጣ ያሳስታል። ትሉ ገና ቀዳዳ ካላወጣ ላዩ ሙሉ ነው፤ ስትሰነጥቁት ግን ውስጡ ዱቄት ሆኗል። አንዳንዱ ተዘርቶ ብቅ ይልና ይጠወልጋል።

የወንድም ዘር እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስፐርሙ በቁጥር አያንስም፣ ይዋኛል፣ ቅርጹም ደህና ነው፤ የተሸከመው ዲኤንኤ ግን ተቆራርጧል።

ልቃቂቱ ሲላላ

አንዱ ስፐርም የያዘው የዲኤንኤ ክር ቢዘረጋ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚታጨቀው ርዝመቱ ከ0.005 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ራስ ውስጥ ነው። እናቶቻችን ፈትሉን በልቃቂት እንደሚያጠነጥኑት፣ ፕሮታሚን የሚባል ፕሮቲን ክሩን አጥብቆ ይጠመጥመዋል። ጥምጥሙ ከላላ ክሩ ለጉዳት ይጋለጣል። የበሰለ ስፐርም ደግሞ የራሱን ጉዳት መጠገን አይችልም። የምትጠግንለት እንቁላሏ ናት፤ እሷም በልኳ ነው፣ የሴቲቱ ዕድሜ ሲገፋም አቅሟ ይደክማል።

ክሩን ከሚጎዱት መካከል ሲጋራ፣ ከባድ ትኩሳት፣ ኢንፌክሽን፣ የካንሰር ሕክምና፣ የወንዱ ዕድሜ መግፋትና ቫሪኮሲል የሚባለው የዘር ፍሬ ደም ሥር ማበጥ ይገኙበታል። አንዳንድ ጸረ ተባይ መድኃኒቶችም ይጠረጠራሉ። ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የምትወርዱ ልጆች፣ ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል አትርጩ።

«መካኗ እሷ ናት»

ልጅ ሲዘገይ ጸበሉም ዱዓውም የሚታዘዘው ለሴቷ ነው። ሆኖም ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ችግር አለበት። ይባስ ብሎ የተጎዳ ዲኤንኤ መፀነስን ከማዘግየቱ ሌላ ከተደጋጋሚ ውርጃ ጋርም ይያያዛል። ጽንሱ ሁለት ሦስቴ ሲጨናገፍ ግን ባልየውን ማን ይጠይቀዋል?

ማይክሮስኮፕ የማያየው

የተለመደው ምርመራ ቁጥርን፣ እንቅስቃሴንና ቅርጽን ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የቁጥሩ ዝቅተኛ ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው። ከዚህ በላይ ያለው ሰው «ደህና ነህ» ተብሎ ይመለሳል። የዲኤንኤው ምርመራ ሌላ ነው፤ ዶን ኤቨንሰንና ባልደረቦቹ መንገዱን የከፈቱት በ1980 እ.ኤ.አ. ነበር። እኔ ለሁሉም ሰው ይታዘዝ አልልም። ተደጋጋሚ ውርጃ ለገጠማቸው ግን ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. በመንግሥት ተቋም የመጀመሪያውን የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል።

ሦስት ወር

ስፐርም ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ዛሬ በትኩሳት የተኛ ሰው ጉዳቱ የሚታይበት ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ሲጋራ ያቆመም ለውጡን ለማየት ሦስት ወር ያህል ይታገሣል። ቫሪኮሲል በቀዶ ሕክምና ሲስተካከል ጉዳቱ ሊቀንስ ይችላል። በቪታሚን ክኒን ግን ገንዘባችሁን አትጨርሱ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ክኒኖቹ የዲኤንኤ ጉዳትን ሲቀንሱ አላገኘም።

አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ሴቲቱ 35 ካለፈች ደግሞ ስድስት ወር፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከወንዱ የሚፈለገው ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ በንጹሕ ዕቃ ናሙና መስጠት ነው። አደራ፣ እሷን ብቻዋን አትላኳት።