ገና በረዶ ሲጀምር፦ በኮሎራዶ ተራሮች ከናዳ መጠንቀቂያ

ዴንቨርና አውሮራ ያለው ወገናችን የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ መኪናውን አስነስቶ ወደ ላቭላንድ ፓስ ይወጣል። መንገድ ዳር ፎቶ ተነስቶ ለሚመለሰው ይህ ጽሑፍ ብዙም አያስፈልገውም። በስኪ ወይም በእግሩ ወደ ዳገቱ ለሚገባው ግን ያስፈልገዋል። «ገና ስስ ነው፣ ምኑ ይናዳል?» የሚባለው በዚህ ወቅት ነውና።

በኦክቶበር የወረደው በረዶ ፀሐይ የሚያገኘው ዳገት ላይ ይቀልጣል፤ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በዞረው ጥላማ ከፍታ ላይ ግን ይሰነብታል። ከሥሩ መሬቱ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፣ ከላይ ሌሊቱ ይቆረጥማል። በመሃል ያለው ስስ በረዶ መያያዙ ይቀርና እንደ ስኳር ይበታተናል። በኖቬምበር አዲስ በረዶ ሲጫነውና ንፋስ ሲከምርበት አይችለውም። ለስኪ የሚበቃ በረዶ የሚገኝበትና ናዳ የሚነሳበት ቦታ አንድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

1. ከቤት ሳይወጡ የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከልን የዕለቱን ትንበያ ያንብቡ። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። 2 ሲሆን ብዙ ሰው ይዘናጋል፤ በ2ም ሰው ረግጦ ናዳ ሊያስነሳ ይችላል።

2. የዳገቱን ዲግሪ በሚያሳይ የስልክ ካርታ መንገድዎን ይምረጡ። አብዛኛው ናዳ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ዳገት ላይ ይነሳል። እርስዎ ሜዳ ላይ ቢሆኑም ከበላይዎ እንዲህ ያለ ዳገት ካለ ከታች ሆነው ሊያስነሱት ይችላሉ።

3. ሲደርሱ ሜዳማ ቦታ ላይ እስከ መሬቱ ይቆፍሩ። ከታች ያለውን በጓንትዎ ዘግነው ይጨብጡት። አልጠቀለል ብሎ በጣትዎ መሃል ከፈሰሰ መሠረቱ ደካማ ነው። ቢጠቀለልም ዋስትና አይደለም፤ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከእግርዎ ሥር እንደ መስመጥ ያለ የታፈነ ድምፅ ከሰሙ፣ በረዶው ከተሰነጠቀ ወይም አጠገብዎ ትኩስ ናዳ ካዩ፣ ክርክር አያስፈልግም፤ በመጡበት ይመለሱ።

4. እያንዳንዱ ሰው ቢከን (የሬዲዮ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ)፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይያዝ። ቢከኑ ከካፖርት ሥር በሰውነት ላይ ይታሰር፣ እንደበራም ይቆይ፤ ስልክ ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ይራቀው። የራስ ቁር አይርሱ፤ በዚህ ወቅት ትንሿም ናዳ ሰውን በድንጋይና በጉቶ ላይ ትጎትታለች። አጠራጣሪ ቦታ አንድ በአንድ ይሻገሩ፣ ሌላው ከዳር ሆኖ ይይ።

5. ሰው ከተቀበረ ሌላ ናዳ እንደማይመጣ አይተው ወዲያው ፍለጋ ይጀምሩ። ስልክ የሚሠራ ከሆነ አንዱ 911 ይደውል፤ እርዳታ ፍለጋ ግን ቁልቁል አይሂዱ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ሁሉም ቢከኑን ወደ መፈለጊያ ይቀይር፣ ስልኩን 50 ሳንቲሜትር ያርቅ። ዘንጉ ሰውየውን ሲነካ እዚያው ይተዉት፣ ከበታቹ ቆመው ወደ ጎን እየቆፈሩ ይግቡ። መጀመሪያ አፍና አፍንጫውን፣ ቀጥሎ ደረቱን ነፃ ያውጡ።