የዓይናችን ነጭ ክፍል ጥቅሙ ምንድን ነው?

በዛሬው የጤና ትምህርታችን የምንመለከተው የዓይናችንን ነጭ ክፍል ነው። ስለ ዓይን ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው ብሌኑን ነው። ነጩን እንደ ባዶ ቦታ እንቆጥረዋለን። እዚህ ካርቲየ 6 ማታ ማታ ከምናስተምራቸው ልጆች አንዷ «ነጩ ካላየ ለምን ተፈጠረ?» ብላ ጠይቃናለች። ጥያቄው መልስ ይገባዋል።

ነጩ ክፍል በሳይንስ ስሙ ስክሌራ ይባላል፤ ትርጉሙ በግሪክ ቋንቋ ጠንካራ ማለት ነው። ከፊት የሚታየው ጥቂቱ ብቻ ሲሆን የቀረው በዓይን ጉድጓድ ውስጥ ተሸሽጎ የዓይንን ኳስ ያቅፋል። ከኳሱ ገጽ ስድስት እጅ አምስቱን የሚሸፍነው እሱ ነው። ኳሱ ከዳር እስከ ዳር 24 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ውስጡ በውሃና በዝልግልግ ነገር የተሞላ ነው። ይህ ፈሳሽ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይገፋል። ነጩ ባይኖር ዓይናችን ቆዳው የተገፈፈ የእግር ኳስ ከመነዳሪ ይመስል ነበር። ቅርፁ ከተበላሸ ደግሞ የምናየው ነገር ምስል በቦታው አያርፍም።

ዓይንን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞሩት ስድስት ጡንቻዎችም የተያያዙት ከዚሁ ነጭ ግድግዳ ጋር ነው። ግድግዳው ከበስተኋላ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ በሳሳበት ቦታ ግን 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከፊት ያለው ጥርት ያለ መስኮት፣ ኮርኒያ የሚባለው፣ የተሠራው ከዚያው ዓይነት ክር ነው። ልዩነቱ አደራደሩ ላይ ነው፤ በኮርኒያ ክሮቹ እኩል ተሰልፈው ብርሃን ያሳልፋሉ፣ በነጩ ግን እርስ በርስ ተጠላልፈው ብርሃኑን ይበትኑታል። የነጣውም ስለዚህ ነው።

በነጩ ላይ ደግሞ ቀጭን ደም ሥሮች ያሉበት ስስ ሽፋን አለ። በበጋው ወራት ካምሲን ነፍሶ አቧራ ሲያለብሰን የሚቀላው ይህ ሽፋን ነው። አለማሸትና በንጹሕ ውሃ መታጠብ ነው። በግንባታ ሥራ ላይ ያላችሁ ሲሚንቶ ወይም ኖራ ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ ግን ወደ ሐኪም ከመሮጣችሁ በፊት እዚያው በቆማችሁበት ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በብዙ ውሃ እጠቡት፤ ከዚያ በኋላ ሂዱ። የጡት ወተት፣ ቅጠል፣ ከጎረቤት የተዋሳችሁትን ጠብታ አታድርጉበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ነጩ ነጭ በመሆኑ የሌላውን የሰውነት ክፍል ሕመም ይናገራል። ጉበት ሲታመም ቢጫው ነገር በደም ውስጥ ይጠራቀምና ከቆዳችን ይልቅ አስቀድሞ በዓይናችን ነጭ ላይ ጎልቶ ይታያል። በአገራችን የወፍ በሽታ የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ሰው የሌሊት ወፍ ያመጣዋል ይላል፤ ወፏ ግን ምንም አላደረገች።

በስደት ታሪካችን ይህ በሽታ ከባድ ጠባሳ ጥሏል። እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1986 በምሥራቅ ሱዳንና በሶማሊያ በነበሩ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ካምፖች ወረርሽኝ ገብቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አሳመመ፤ ነፍሰ ጡሮችን አብልጦ ገደለ። በዚያን ጊዜ ቫይረሱ ገና የራሱ ስም አልወጣለትም ነበር፤ በኋላ ሄፓታይተስ ኢ ተባለ። በ2012 በኬንያ ዳዳብ፣ በ2014 ደግሞ በጋምቤላ ካምፖች እንደገና ታይቷል። መንገዱ አንድ ነው፦ ዓይነ ምድር የነካው ውሃ። አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ያለች ሴት ከተያዘች ግን ከአምስት ወይም ከአራት አንዷ ልትሞት ትችላለች።

ስለዚህ በቤታችሁ ሰው ሲደክመው፣ ምግብ ሲያስጠላው፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ሲጠቁር ወደ ደጅ አውጡትና በቀን ብርሃን ዓይኑን ተመልከቱ። በአምፖል ብርሃን ማየት ያሳስታል። የላይኛውን ሽፋሽፍት ወደ ላይ ሳብ አድርጋችሁ ወደ ታች እንዲያይ ንገሩት፤ ያን ጊዜ ሰፊው ነጭ ይገለጣል። በብዙዎቻችን ዓይን ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ፤ ይህ የተፈጥሮ ነው፣ አያስደነግጥም። የጉበቱ ቢጫ ግን ሁለቱንም ዓይኖች እኩል ያለብሳል።

ቢጫ ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፓራሲታሞልን ጨምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት አትስጡት፤ ክንዱንም አትተኩሱት። የሚጠጣውን ውሃ አፍሉ፤ ከበርሜሉ ውሃ የሚቀዳበትን ጣሳ እጀታ ያለው አድርጉ፣ እጅ ወደ ውሃው አይግባ። ከመጸዳጃ ሲወጡና ምግብ ሲያዘጋጁ እጅን በሳሙና መታጠብ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን አታሳድሩ።