አብያተ ክርስቲያናትና የአደጋ ዝግጁነት፤ ከዘነበወርቅ ምን እንማራለን?

ስለ ድንገተኛ አደጋ ስናወራ ቶሎ የሚታወሱን እሳት አደጋ፣ ቀይ መስቀልና ፖሊስ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የምትታወሰን ለቀብር ነው። እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ከቀብር በፊትም ትልቅ ሥራ እንዳላት ለማሳየት እሞክራለሁ። ለምሳሌ ሩቅ አልሄድም፤ የምኖርበት ዘነበወርቅ ይበቃል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ቆሼ ተናደ። ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ ክምር ነው። ሥሩ ከነበሩት የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፍለጋው ቀናት ፈጀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በአቅራቢያው በሚገኘው በገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ።

በእንደዚህ ያለ ሌሊት የመጀመሪያው ጥያቄ “እዚህ ቤት ማን ነበር?” የሚል ነው። ተከራይና ደባል በበዛበት ሰፈር ደግሞ የቀበሌ መዝገብ ብቻውን አይመልሰውም። የሚያውቁት ጎረቤት፣ እድርና ቤት ለቤት የሚዞሩት የንስሐ አባት ናቸው። ይህ እውቀት ግን በሰው ጭንቅላት ውስጥ እንጂ በወረቀት ላይ የለም። ቀድሞ ቢጻፍ ቆፋሪው የት መቆፈር እንዳለበት ያውቃል።

አደጋው ራሱ ግቢው ውስጥ ሲደርስስ? በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት ጎንደር ላይ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ማርያም፣ በግንባታ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን የቆመው ርብራብ ሕዝብ እንደወጣበት ወደቀ፤ ቢያንስ 36 ምእመናን ሞቱ፣ ከ200 በላይ ተጎዱ። ሁለቱም የደረሱት በበዓል ቀን ነው። በዓሉ መቼ እንደሚውል፣ ሕዝቡም እንደሚበዛ አስቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ “ድንገተኛ” የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያጠራጥረኛል።

ታዲያ አንድ ሰበካ ጉባኤ ምን ማድረግ ይችላል? ብዙ ብር የማይጠይቁ አራት ነገሮችን ላንሳ።

1ኛ. ከእድሮች ጋር ሆኖ የነዋሪውን ዝርዝር መያዝ፤ በተለይ አቅመ ደካሞችን፣ ሕሙማንንና ብቻቸውን የሚኖሩትን።

2ኛ. በበዓል ቀን በሮችን ሁሉ መክፈት፤ የጧፍ ነጋዴውም የቆመው መኪናም የአምቡላንስ መንገድ እንዳይዘጋ ማድረግ።

3ኛ. ባለሙያ ያልፈቀደው ርብራብ ላይ ማንም እንዳይወጣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ማቆም። የጧፍና የጥና እሳት ከመጋረጃና ከምንጣፍ መራቁን የሚያይም አንድ ሰው መመደብ።

4ኛ. የአደጋ ደወል ከቅዳሴው ደወል እንዲለይ መስማማት፤ 939 (እሳት አደጋ) እና 907 (ቀይ መስቀል) ማን እንደሚደውል መወሰን። ሁሉም “ሌላው ደውሏል” ካለ ማንም አይደውልም።

“እግዚአብሔር ይጠብቀናል፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?” የሚሉ አባቶች አሉ። እምነታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን እነዚሁ አባቶች ማታ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይቆልፋሉ፤ ዘበኛም ይቀጥራሉ። ለንዋየ ቅድሳቱ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለምእመኑ ብናደርግ እምነት መጉደል አይሆንም። ነገሩ ለመስጊድም ለጸሎት ቤትም ያው ነው።

እኛስ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች? አደጋ ሲደርስ የሟች ቁጥር መዘገብ እንማራለን፤ ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት ግን የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ መጻፍ እንችላለን፦ “ምእመናን፣ ደወሉ ሳያቋርጥ ከተደወለ አትገፋፉ። ሕፃናትንና አረጋውያንን አስቀድማችሁ በቅርባችሁ ባለው በር ውጡ።” ከቅዳሴ በኋላ በድምፅ ማጉያ ይነበባል። በአንድ እሑድ ብዙ ሰው ይሰማዋል፤ እኛም ሙያችንን እንለማመድበታለን። ክፍላችን ይህን እንደ አንድ የተግባር ሥራ ቢይዘው ከሰፈሬ ለመጀመር ዝግጁ ነኝ።