ዋርሃመር ቤት ሲሄዱ፦ መጀመሪያ ቀለም፣ ቀጥሎ ጨዋታ፣ ግዢው በመጨረሻ

የእህቴ ልጅ 12 ዓመት ሲሞላው የለመነኝ ስልክ አልነበረም፤ የአውራ ጣት ቁመት ያላት፣ ዋርሃመር የሚባለው ጨዋታ የፕላስቲክ ወታደር ነበረች። እኔም ሳልጠይቅ ሳላጣራ ትልቁን ሳጥን ገዛሁለት። ሳጥኑ ስምንት ወር ቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ለካ ወታደሮቹ ተገጣጥመው፣ ቀለም ተቀብተው የሚሸጡ መስሎኝ ኖሯል! ተጫዋቾቹ ተገዝቶ ሳይነካ ለተከመረ ዕቃ «የኀፍረት ክምር» የሚል ስም እንዳላቸው የሰማሁት ኋላ ነው። እንግሊዝ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ከሆነ ይኸው ልመና አንድ ቀን እርስዎም ዘንድ መምጣቱ አይቀርምና እኔ የሳትኩትን ቅደም ተከተል ልንገርዎ።

ከመነሳትዎ በፊት የት እንደሚሄዱ ይለዩ። በብሪታንያ ከተሞች «ዋርሃመር» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሱቆች ጌምስ ወርክሾፕ የሚባለው ድርጅት የራሱ ናቸው። ሦስት ጓደኛሞች እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ውስጥ የጀመሩት ድርጅት ነው። ዋርሃመር የተባለው ጨዋታ በ1983 ወጣ፤ ዛሬ ልጆቹ ሁሉ የሚያወሩለት፣ በሩቅ ዘመን ጠፈር ላይ የሚካሄደው ዋርሃመር 40,000 ደግሞ በ1987። በእነዚህ ሱቆች የሚጫወቱት በእነሱው ምስሎች፣ ማለትም በእነዚያ ትንንሽ ወታደሮች፣ ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ በስሪዲ ፕሪንተር የታተመ ይዘው ቢሄዱ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ሌሎቹ የግል ሱቆች የብዙ ድርጅት ዕቃ ይይዛሉ፤ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጨዋታ የሚፈልግ ወደዚያ ይሂድ። ለጀማሪ ግን የመጀመሪያው ዓይነት ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱን ወረድ ብለው ያገኙታል።

የሥራ ሰዓቱን ሳያዩ አይውጡ። ብዙዎቹ ሱቆች በአንድ ሰው ብቻ የሚሠሩ ናቸው። ያ ሰው ምሳ ሲወጣ በሩ ይዘጋል፤ በሳምንት አንድ ሁለት ቀንም ጭራሽ አይከፈትም።

ሲገቡ «የመጀመሪያዬ ነው» ይበሉ። ማፈር የለም፤ ይህች ቃል ገንዘብ ታድናለች። ለአዲስ መጪ አንድ ምስል በነፃ ይሰጡታል፣ እዚያው አስቀምጠውም አቀባቡን ያሳዩታል። ምስሉ የሚመጣው ከፕላስቲክ ማሰሪያ ጋር ተያይዞ ነው፤ በመቁረጫ ይለያል፣ የተረፈው ጉጥ ይፋቃል። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያዋሕደው፤ ስለዚህ ጠብታ ይበቃል፣ ሲበዛ ፊቱን ያጠፋል።

ቀለሙ ላይ ቀስ ይበሉ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ልጆች ብሩሹን እስከ አንገቱ ጠርሙሱ ውስጥ ነክረው፣ እንደ ግድግዳ ይለስኑታል። ያን ጊዜ የወታደሩ አፍንጫና የጥሩሩ ቅርጽ ተደፍኖ ይቀራል። ትንሽ ቀለም ሳህን ላይ ያውጡ፣ በብሩሹ ጫፍ ውሃ ጨምረው ወተት እስኪመስል ያቅጥኑት፣ ስስ አድርገው ይቀቡ። ሲደርቅ ይድገሙ። የመጀመሪያው ቅብ ሳስቶ፣ ዥጉርጉር ብሎ ሲያዩ እንዳይደነግጡ፤ ሁለተኛው ይሞላዋል። በመጨረሻ «ኑልን ኦይል» የሚሉትን ጥቁር ፈሳሽ በብሩሽ ይቀቡበታል። ፈሳሹ ራሱ ጎድጓዳውን እየፈለገ ይገባል፤ በጣቶቹ መካከል፣ ከቀበቶው ሥር ጥላ ይጥላል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲያይ «ነፍስ ዘራ!» አለ። እኔም አልተከራከርኩትም።

ቀጥሎ ጨዋታ። የገበጣ ጠጠር ጉድጓድ አለው፣ የቼዝ ፈረስም ቤት አለው፤ እዚህ ግን ርቀትን የሚወስነው ሜትር ነው። ባለ ኢንች ሜትር ተዘርግቶ «ስድስት ኢንች» ከተባለ ወታደሩ ስድስት ኢንች ይሄዳል፣ አንዲት ፀጉር አያልፍም። ሙሉ ጦርነት 44 በ60 ኢንች በሆነ ሜዳ ላይ ይካሄዳል፤ ለልምምድ ግን የጠረጴዛው ጥግ ይበቃል። ተኩሱን ዳይስ ይፈርደዋል። አምስት ወታደሮች ሁለት ሁለት ጊዜ ቢተኩሱ አሥር ዳይስ ይጣላል። ሦስትና ከዚያ በላይ ያሳየው መትቷል እንበል፤ የመቱት ተለቅመው ቁስሉን ለማወቅ እንደገና ይጣላሉ። ከዚያ ተጋጣሚዎ በተራው ይጥላል፣ ጥሩሩ አድኖት እንደሆነ ለማየት። አሥር ተተኩሶ አንድ ብቻ የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚያስጮኸውም ይኸው ነው።

የሰው ምስል ሳያስፈቅዱ አይንኩ። ቢፈቀድልዎም መቆሚያውን ይያዙ እንጂ መሣሪያውን አይያዙ። እኔ በጦሩ አንስቼ ቀጭ አደረግኩት። ባለቤቱ ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ከቦርሳው ማጣበቂያ አውጥቶ ዝም ብሎ ይጠግን ጀመር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሻይና ቡናም ከጠረጴዛው ይራቅ።

አሁን መግዛት ይችላሉ። ልጁ የቀባውን ምስል ደጋግሞ ካነሳው፣ ከጥቂት ወታደሮች ጋር ቀለምና ብሩሽ አንድ ላይ የያዘውን ትንሽ ሳጥን ይግዙለት። ትልቁ አይጠፋም። ደግሞም ሱቁ የሻጭ ቤት መሆኑን አይርሱ፤ አስተናጋጁ ደግ ነው፣ ግን ደመወዙ ከዚያው ነው።

ልጁ ከጸና ኖቲንግሃም ይውሰዱት። ከለንደን ሴንት ፓንክራስ በባቡር አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው፤ የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ሌንተን በሚባለው ሰፈር ይገኛል፣ ምስሎቹም የሚመረቱት እዚያው ጎን ነው። ዋርሃመር ወርልድ የሚሉት ማዕከል ውስጥ ሱቆች፣ የመጫወቻ አዳራሽና በሺህ በሚቆጠሩ ምስሎች የተሠሩ የጦር ሜዳዎች ያሉበት ኤግዚቢሽን አለ። ኤግዚቢሽኑ ትኬት ያስፈልገዋል፤ መጫወት ካሰቡ ጠረጴዛም አስቀድመው ይያዙ። ምግብ ቤቱ «በግማንስ» ይባላል፣ በዋርሃመር ልብ ወለድ ውስጥ ባለ ድንክ ጠማቂ ስም። ጠላ የለውም።

የተቀባ ምስል ኪስ ውስጥ አይከተትም፤ ቀለሙ ይፋቃል። የእኛዎቹ እስከ ዛሬ የሚጓዙት ጥጥ በተነጠፈበት የእንቁላል ካርቶን ነው፣ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ወታደር።